ባቡሩ እርጥብ ሆኖ የገባ ዕለት

ሰው በሜትሮሎጂ ላይ መቀለድ ይወዳል። አቃቂ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ የሠፈራችን ባለሱቅ ሁልጊዜ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። «እህቴ፣ ዛሬ አይዘንብም ብላችኋል አሉ። እንግዲያው በርበሬውን ላስገባው» ይለኛል። ጎረቤት ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያናድደኝ ነበር። ያቺ ካርታ ላይ የምትሰፍር ቁጥር ከየት እንደምትመጣ ቢያውቅ እንደዚያ አይቀልድም ነበር። የምትመጣው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለች ትንሽ አጥር ነው፤ የሚልካትም አባቴ ነበር። ዛሬ ሳስበው ደግሞ በባለሱቁ ለመናደድ የሚያበቃ ሥራ አልሠራሁም።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በባቡር ነው። አቃቂ ጣቢያ ላይ ሀዲድ የሚያዞረው እሱ ነበር፤ ከለገሃር የሚወጣውንና ከድሬዳዋ የሚገባውን በየመስመሩ ያሳልፋል። ጡረታ ሲወጣ ቤት መቀመጥ አቃተው። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ሌላ ልጅ የለውም፤ እኔም ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝ። በዚያው ሰሞን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከጣቢያው ጀርባ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ሊያቆም ሰው ሲፈልግ፣ የጣቢያው ሹም አባቴን ጠቆማቸው። እኔ ወሬ እንዳይሆን አፌን ይዤ ነበር።

ዕቃው ብዙ አልነበረም። በአራት እግር የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ጎኑ አየር እንዲያስገባ ክፍተት ክፍተት ያለው፣ ውስጡ ቴርሞሜትሮች የተሰቀሉበት። የዝናብ መለኪያ አለ። በረዥም ብረት ጫፍ ላይ ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ቀስት። አባቴ ይህችን አጥር እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነበር የሚያከብራት። ሣሩን በየሳምንቱ ያጭዳል፣ ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ የባቡር ቆቡን ሳያደርግ አይገባባትም። በቀን ሦስቴ፣ በሦስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ያነበበውን መዝገቡ ላይ ይጽፍና መዝገቡን ይዞ ከጣቢያው ሹም ቢሮ ይደውላል።

ስልኩን የማነሳው እኔ ነበርኩ። ካርታ ክፍል ውስጥ የየጣቢያውን ቁጥር ተቀብሎ ካርታ ላይ ማስፈር የእኔ ሥራ ነበር። ቤት ውስጥ አባዬና አንተ የምለውን ሰው በስልክ እርስዎ እለዋለሁ፤ እሱም እንደዚያው። «ጤና ይስጥልኝ፣ አቃቂ ነኝ» ይላል ድምፁን አወፍሮ። «ጤና ይስጥልኝ አቃቂ፣ ይቀጥሉ» እላለሁ። ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ደመናውን ይነግረኛል፤ እኔ እደግምለታለሁ፤ «ትክክል ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይዘጋል። አንድም ቀን «ምሳ በላሽ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜማ ጠዋት ቤት ውስጥ ተኳርፈን ወጥተን፣ በሦስት ሰዓት በዚያው ትሕትና ነበር ያወራነው። የሥራ ጓደኞቼ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን በዚያ ስልክ የምኮራውን ያህል በምንም አልኮራም ነበር።

ካርታው ላይ እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ትንሽ ክብ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ክቡ ባዶውን ይቀራል፤ ደመናው በጨመረ ቁጥር በእርሳስ ይጠቁራል። ነፋሱ ከመጣበት በኩል ከክቡ አንድ ጭረት ይወጣል። ከጎኑ የሙቀቱ ቁጥር ይጻፋል። ሁሉም ሲሞላ ወረቀቱ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል፤ ትርጉም የሚያገኘው መስመር ሲሰመርበት ነው። በአንድ በኩል ያሉት ቁጥሮች ሞቃት፣ በሌላ በኩል ያሉት ቀዝቃዛ ሲሆኑ፣ የነፋሱ ጭረቶችም እዚያው ቦታ ላይ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ሁለት የማይዋደዱ አየሮች ተጋጥመዋል ማለት ነው። ፍሮንት የምንለው እሱን ነው። ቀዝቃዛው ሞቃቱን እየገፋ ከሆነ ሰማያዊ መስመር ይሰመርና ጥርስ ጥርስ ይደረግለታል፤ ሞቃቱ እየገፋ ከሆነ ቀይ መስመር ከግማሽ ጨረቃ ጋር። በእኛ አገር እንደ ፈረንጅ መጽሐፉ የጠራ ፍሮንት ብዙም አይታይም። በበልግ ግን አንዳንዴ ከሜዲትራኒያን የተነሳ ቀዝቃዛ አየር በቀይ ባሕር በኩል ወርዶ የአዋሽን ሸለቆ ይዞ ሽቅብ ይመጣል። ያኔ መምጣቱን የሚናገሩት አንድ ወይ ሁለት ጣቢያዎች ብቻ ናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜው ያለፈበት ካርታ ይዤ እመጣና ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለታለሁ። አቃቂን ሲያገኛት ጣቱን ያሳርፍባታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማያዊውን መስመር ያየ ቀን «ይኼ ጥርስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ።

«ጥርሱ ወደዞረበት ነው፣ አባዬ።»

«ወደሚነክስበት በይኛ» አለ። ከዚያ ወዲህ ብርድ ሲመጣ «ጥርሷ ደረሰች» ማለት ልማዱ ሆነ። ነገሩ ቶሎ ነበር የገባው፤ አብረውኝ ከሠለጠኑት ከብዙዎቹ ቶሎ። ነፋስ ሲዞር ቀስቱን ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቀዋል፤ ከዱከም በኩል የሚመጣው ባቡር ፊሽካው ከሌላው ቀን ቀድሞ ከተሰማ ነፋሱ ከዚያ በኩል ነው ይላል። ፍሮንትንም በራሱ ሥራ ነበር የተረዳው። «ይኸው ነው እኮ» አለኝ አንድ ቀን፣ «አንዱ ሲመጣ ሌላው መስመር ይለቃል። አልለቅም ሲል ነው ጉዱ።»

ዓይኑ መድከሙን መጀመሪያ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈስ ጀመር። ደረጃ ሲወርድ በእግሩ እየዳበሰ ነው። የዓይን ሞራ ነበር። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስለው «እያየሁ አይደለም እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ከዕለታት አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ደውሎ «ሙቀት ሠላሳ አንድ» አለኝ። አጎራባቹ የቦሌ ጣቢያ ሃያ ሁለት ነበር ያለው። «ሠላሳ አንድ ነው ያሉኝ፣ አቃቂ?» አልኩት። «ትክክል ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ዘጋው። እኔ ካርታው ላይ ሃያ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

የጀመረው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ቀድሜ እወጣና በአጥሩ በኩል ገብቼ፣ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ቴርሞሜትሩን አይቼ አውቶቡስ እይዝ ነበር። የሦስት ሰዓቱን በዚያ እገምታለሁ። የስድስቱንና የዘጠኙን ደግሞ ቦሌንና ደብረ ዘይትን አይቼ መሃል ያለውን እጽፋለሁ። የተሳሳተውን ብቻ ሳይሆን የተጠራጠርኩትን ሁሉ አቃናሁ። ለእሱ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። ማየት ተስኖታል ከተባለ አጥሯን ይወስዱበታል፤ አጥሯን ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል? ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ። ቁጥሮቹ ተስማምተው ሲመጡ መስመሬ ያምር ነበር። ኃላፊያችን «ያንቺ ካርታ ንጹሕ ነው» ይለኛል፤ እኔም ያቺን ቃል እወዳት ነበር። ለአባቴ አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ ትናንት ሠላሳ አንድ ብለኸኝ ነበር እኮ» አላልኩትም። ብለው ምናልባት ይቆጣ ነበር፤ ምናልባት ደግሞ ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር። የማይሳሳት ሰው ነኝ ብሎ እንዲኖር አደረግኩት፤ በእኔ ቤት ደግነት መሆኑ ነው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ደወለ። ጠዋት ስወጣ አየሩ ሞቃት፣ ነፋሱም የተለመደው ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ለስላሳ ነፋስ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቃቂ ነኝ። ሙቀት አሥራ ሦስት። ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ብርቱ።»

እርሳሴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቦሌ አሁን ሃያ ሁለት ብሎ ዘግቷል፤ ነፋሱም አልዞረም። ደብረ ዘይት ስልኩ አይሠራም። ናዝሬትም አልደወለም። «አሥራ ሦስት፣ አቃቂ?» አልኩ።

«ትክክል ነው» አለ። ከዚያ ግን አልዘጋም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከደንቡ ወጣ። «ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ጣሪያው እርጥብ ሆኖ ነው የገባው። እዚህ ጠብ ያለ ነገር የለም። የዕቃው ፉርጎ ላይ ያለው ሸራ ውሃ ያንጠባጥባል፤ በእጄ ነካሁት። ተሳፋሪውም ተሸፋፍኖ ነው የሚወርደው። ይጻፉልኝ።»

«ባቡር የምንጽፍበት ቦታ የለንም፣ አቃቂ» አልኩት። ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያልኩት። ድምፄ ውስጥ መሰልቸት ነበር፤ እስካሁን ይሰማኛል።

«ጥርሷ ናት» አለ ቀስ ብሎ። ይሄኛው የስልክ ድምፁ አልነበረም፣ የቤቱ ነበር። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋ።

ሃያ አንድ፣ ደቡብ ምሥራቅ ብዬ ጻፍኩ። ሰማያዊውን መስመር ከአዋሽ ወዲያ፣ ሩቅ አሰመርኩት። ሁለት ጣቢያ በአንድ ጊዜ ለምን ዝም እንዳለ እንኳ ቆም ብዬ አልጠየቅኩም። ነፋስና ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው የስልክ እንጨት መሆኑን በዚያ ክፍል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በዘጠኝ ሰዓት የአቃቂም ስልክ ተቆረጠ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ላይ በረዶ ወረደ፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ እርስ በርስ መሰማማት አቃተን። የዕለቱ ትንበያችን ደረቅና ሞቃት ነበር የሚለው።

ስመለስ ከሳሪስ በታች መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ባለሱቁ ያሰጣው በርበሬ በጎርፍ ሄዶበት ደጁ ላይ ባዶ ሰሌን ይዞ ቆሟል። ያን ቀን አልቀለደብኝም። ቤት ስገባ አባቴ የራሰውን መዝገብ ገጽ በገጽ በፎጣ እያደረቀ ነው። ፊቱ በርቷል፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ከእኛ የቀደመ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

«አወጣሽው ካርታው ላይ?»

«አዎ።»

«ሰማያዊ?»

«ሰማያዊ» አልኩት። ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር የመለስኩለት። እሱም «እሰይ» ብሎ ወደ ፎጣው ተመለሰ።

ወር ሲያልቅ የመዝገቡ ቅጂ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይላካል። አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ የሚያነበው የለም። ያን ጊዜ ግን ኃላፊያችን በረዶው በየት በኩል እንደመጣ ለማጥናት የየጣቢያውን መዝገብ አስወጣ። የአቃቂን ከእኔ ካርታ ጋር ሲያስተያየው አልገጥም አለው፤ የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ቀን። ጠርቶ ጠየቀኝ። «የነገሩኝን ነው የጻፍኩት» አልኩ። በማግስቱ በላንድሮቨር ወደ አቃቂ ይዞኝ ሄደ። መንገዱን ሙሉ እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ቃሊቲን አለፍን፣ ድልድዩን ተሻገርን፣ አልነገርኩትም።

ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው። አባቴ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ይበልጥ ተጠንቅቆ ነበር ያናገረው። አጥሯ ውስጥ እንደቆምን መዝገቡን ገለጠ። «አባባ፣ እዚህ የጻፉትና በስልክ የነገሯት ይለያያል። ይኼ ሠላሳ አንድ ይላል፣ ካርታው ሃያ አንድ። ይኼም፣ ይኼም። የትኛው ነው ትክክሉ?»

አባቴ ሁልጊዜ መዝገቡን ፊቱ ዘርግቶ ነበር የሚደውልልኝ። ሁለቱ ሊለያዩ የሚችሉት በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ፊቴን አጥርቶ እንደማያየው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አቀረቀርኩ።

«በስልክ የነገርኳት ነው ትክክሉ» አለ። «መዝገቡ ላይ ስገለብጠው ነው የምሳሳተው። ዓይኔ ደክሟል።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀና ጥቂት ገጽ ገለበጠ። «ይህችን አንዷን ግን በደንብ ያስቡልኝ። በረዶ የጣለ ዕለት በስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሦስት፣ ሰሜን ምሥራቅ ብለው ጽፈዋል። ካርታው ሃያ አንድ፣ ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚለው። እርስዎ የጻፉት እውነት ከሆነ ከሁላችን ቀድመው አይተውታል ማለት ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።»

ሰውየው ከልቡ ነበር የጠየቀው። መልሱ እውነት ሆኖ ቢገኝ ደስ የሚለው ይመስል ነበር። አባቴ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። አንድ የዕቃ ባቡር ወደ ጣቢያው እየገባ ስለነበር እስኪያልፍ ጠበቅን። እኔ ያን ሁሉ ፉርጎ ሲያልፍ ለመናገር ጊዜ ነበረኝ።

«እሱም ስህተት ነው» አለ አባቴ። «ካርታው ልክ ነው።»

ኃላፊው በቀይ እርሳስ ሰረዘው። አባቴን በሁለት እጁ ጨብጦ አመስግኖት ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ሥራው ዓይኑ ደህና ለሆነ ሌላ ሰው ተሰጠ፤ አባቴም ቁልፉን በሰላም አስረከበ።

ኃላፊው መጥቶ የሄደ ዕለት ማታ ራት አቀረብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮህብኝ በወደድኩ። «አባዬ፣ ለምን?» አልኩት።

«የእኔ ዓይን እንደሆነ አልቆለታል» አለ። «አንቺ ገና ነሽ።» ጥቂት ጎረሰ። ከዚያ እጁን አቆመና «ሃያ አንድ አልሽኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ካፖርት ለብሼ እኮ ነው የደወልኩልሽ።»

ስለዚህ ነገር ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኼ ነው። አላኮረፈኝም፤ እንደ ወትሮው ጠዋት «በደህና ዋይ» ይለኛል፣ ማታ ሻይ አፍልቶ ይጠብቀኛል። ካርታ አምጪልኝ ማለት ግን ተወ። አንድ ቅዳሜ ይዤለት መጣሁ፤ «አሁን ምኑን አየዋለሁ ብለሽ ነው» ብሎ አጥፎ መለሰልኝ። ጎረቤት እንደ ልማዱ «ዛሬ እንዴት ነው፣ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቀው «ልጄን ጠይቋት፣ እሷ ናት የምታውቀው» ይላል። ይህን የሚለው ሊወጋኝ አልነበረም። ከልቡ የሚያምንበት ይመስል ነበር፤ እኔን የጎዳኝም እሱ ነው። የራሱን ቆዳ ማመን አቆመ። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ «ብርድ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር።

እኔ ምንም አልሆንኩም። በዓመቱ እድገት አገኘሁ፤ አዲስ የሚቀጠሩትን ማሠልጠን ጀመርኩ። ከጎረቤቱ የማይገጥም ቁጥር ሲመጣ አትንኩት፣ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ሰውየው ሌላ ምን እንዳየ ስሙት እላቸዋለሁ። ከመጽሐፍ ያገኘሁት መስሏቸው ይጽፉታል። ሁለት ጊዜ እስከ ኃላፊው በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ሰው ነበረው። ሌላ ጊዜ ብቻውን ነበር፤ «አቤት» አለኝ፣ እኔም የፈቃድ ወረቀት አስፈረምኩት። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ፤ አባቴም በአንድ ክረምት ታሞ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ሞተ።

ለቅሶው ግቢያችን ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነበር። የባቡር ሰዎች መጡ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው መጣ፣ ባለሱቁ ሦስቱንም ቀን ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ኃላፊያችን መጣ፤ ያኔ እሱም ጡረታ ወጥቷል። አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘ።

«ብዙ ተመልካቾች አውቃለሁ» አለኝ። «ስህተቱን በራሱ አፍ ያመነ ግን አባትሽን ብቻ ነው ያየሁት። ያን በረዶ የጣለ ዕለት የጻፉትን ታስታውሻለሽ? ልክ ነው ቢሉኝ አምኛቸው ነበር። አምኛቸው ካርታውን ሁሉ አስቀይረው ነበር። እሳቸው ግን አልዋሹኝም። እውነተኛ ሰው ነበሩ።»

አጠገባችን የተቀመጡት የባቡር ሰዎች እየሰሙ ነበር፤ አንዱ «ናቸው፣ ናቸው» አለ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ነበር። አባቴ ሞቷል፣ ኃላፊውም ኃላፊ አይደለም፣ ማንም ምንም አያደርገኝም።

«አዎ፣ እውነተኛ ነበር» አልኩት። ውሃ ላምጣልዎት ወይ ብዬም ጠየቅኩት።